«የ14 ጎማ ነው» ብለውኝ ገዛሁ

ይህን ለመጻፍ የእናቴ እጅ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከዓመት በላይ ጠብቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት ምጣድ ላይ ሊጥ ስታዞር ስላየሁ አሁን ልጻፈው። ክረምት በገባ ቁጥር አደባባይ ጠርዝ ላይ የወጣች መኪና፣ አጠገቧም ቆሞ በድንጋጤ ስልክ የሚነካካ ሰው አያለሁ። አንድ ቅዳሜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔን ያሳሳቱኝ ነገሮች ብዙ ሰው የሚያምናቸው ስለሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

ለ6 ዓመት የነዳሁት አሮጌ ኮሮላ ነበር፤ ኤቢኤስ እንኳ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) አልነበረውም። በዝናብ ስነዳው እፈራ ነበር፤ ያ ፍርሃት ሲጠብቀኝ እንደኖረ የገባኝ በኋላ ነው። 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እሱን ሸጬ፣ ውጭ ያለው ወንድሜ ጨምሮልኝ ያሪስ ገዛሁ። ያገናኘን ደላላ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ምልክት አሳየኝ፤ ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያላት ትንሽ መኪና ናት። «ይቺ ካለች ክረምትን እርሺው፤ መኪናው ራሱ ይይዝልሻል» አለኝ። አመንኩት። ቶዮታ ቪኤስሲ ይለዋል፣ ሌሎች ኢኤስፒ ወይም ኢኤስሲ ይሉታል፤ መኪና ሲንሸራተት መስመሩን እንዲይዝ የሚያግዝ መቆጣጠሪያ ነው።

ግንቦት ላይ ጎማዎቹ ሊሾ ስለሆኑ አራት ጎማ ልገዛ ወጣሁ። የአዲሱ ዋጋ አስደነገጠኝ። ስዞር ውዬ አንድ ሱቅ ውስጥ ጥርሳቸው ያልተነካ፣ ጥቁር ሆነው የሚያብረቀርቁ አራት ጎማዎች በጣም በቀነሰ ዋጋ አገኘሁ። ሻጩ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር በጣቱ እየነካ «ይኸው፣ 14። የዘንድሮ ነው» አለኝ። ያለነው 2014 ላይ ነበርና 14 ሲል ሌላ ነገር ላስብ አልቻልኩም። ከፈልኩ፣ አስገጠምኩ፤ የገጠመልኝ ልጅም «ጠንከር ቢል ይሻላል» ብሎ ንፋሱን በግምት ሞላው።

ሰኔ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አደባባይ ስዞር ያቺ ምልክት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ሞተሩ ለአፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከስር ትርር የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ መኪናው ቀጥ ይላል። ደስ አለኝ። መሥሪያ ቤት ገብቼ «ይሠራል እኮ! ዛሬ አዳነኝ» ብዬ አውርቻለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ትላለች፣ እኔም በተመሳሳይ ፍጥነት እገባለሁ።

አንባቢዬ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ይያዙ። መብራቷ ብልጭ ያለችው ጎማው አስፋልቱን መልቀቅ ስለጀመረ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ በመደበኛ አነዳድ ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ላትበራ ትችላለች። በየሳምንቱ የምትበራ ከሆነ ወይ ፍጥነትዎ፣ ወይ ጎማዎ፣ ወይ ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔን ለሦስት ሳምንት ስታስጠነቅቀኝ ቆይታለች፤ እኔ ግን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴን ከአስኮ ይዤ ወደ ቤቴ እየመጣሁ ነው። እሷ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀምጣለች። ቀበቶ አላሰረችም፤ እኔም «እሰሪ» አላልኳትም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ እንደሚያስር አስቤውም አላውቅ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሳይጥል ከርሞ ያን ዕለት ካፊያ ጀምሯል። ዶፍ ቢሆን ቀስ እል ነበር። ካፊያን ግን ዝናብ ብዬ አልቆጠርኩትም።

ሁለተኛው ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ዶፍ ዝናብ የራሱ አደጋ አለው፤ ውኃ ሲተኛ ጎማው አስፋልቱን ሳይነካ ውኃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ግን ዶፉ መንገዱን ያጥባል። ካፊያ አያጥብም። በደረቁ ቀናት አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራ፣ የሞተር ዘይት፣ የጎማ ብናኝ አርሶ እንደ ሳሙና ያደርገዋል። አደባባይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሲኖትራኮች ከግንባታ ቦታ በጎማቸው ጭቃ ይዘው ይመጣሉ፤ ታንካቸውን እስከ አፉ የሞሉ መኪኖች ሲዞሩ ናፍጣው እየተገፋ ከክዳኑ ይንጠባጠባል። መኪና ሁሉ የሚዞረው በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ድንጋዩም ተልጎ ይለሰልሳል።

ወደ አደባባዩ የገባሁት ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እማዬ ስለ ማኅበሯ እያወራችኝ ነበር። ወደ ግራ እንደጠመዘዝኩ መሪው እጄ ላይ ድንገት ቀለለኝ። ያ ቅለት እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ። መኪናው መሪውን አልሰማ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ምልክቷ ብልጭ ብልጭ፣ ከስር ትርርር። የበለጠ ጠመዘዝኩ፤ ምንም። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩ፤ ምንም። የቀኝ የፊት ጎማ የውጭውን ጠርዝ መታ፣ ዘለለ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ቆምን። ከኋላዬ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ዝምታ። ዞር ስል እማዬ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች። ወደፊት ስትወረወር የፊቱን ወንበር በእጇ ተደግፋ ኖሮ አንጓዋ ተሰብሯል።

አላፊ አግዳሚው ደርሶ አወጣን። እዚያው ጥግ ላይ የሚሠራ አንድ ሊስትሮ ውኃ አቀብሎኝ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ዛሬ ሁለተኛሽ ነሽ፤ ጠዋት ባጃጅ ወድቋል» አለኝና ወደ መንገዱ አመለከተ። አስፋልቱ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያለው ሰፊ ጭረት ተዘርግቷል። ናፍጣ ነው። እሱ ከተቀመጠበት ሆኖ ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ እኔ ግን ስመጣ የማየው ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ ብቻ ነበር።

እናቴ እጇ በጄሶ ታስሮ ሳምንታት ተቀመጠች። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ ያ ነበር የከበደኝ።

የተጎዳውን ቸርኬ ይዤ ሰፈራችን የታወቁ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ጎማውን አገላብጠው አዩ፣ ጥፍራቸውን ጥርሱ ላይ ጫኑ፣ ጎኑን በሁለት እጃቸው ጎበጥ አደረጉት። በጥርሶቹ መሃል እንደ ደረቀ ጭቃ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቅ ታየ። «ልጄ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ላስቲኩ ግን ሞቷል። ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልሽ» አሉኝ። እኔም «የ14 ነው እኮ» አልኳቸው። ቁጥሩን አሳዩኝ፦ 2314። «ይሄ የፈረንጅ ነው። የ2014 23ኛ ሳምንት።» በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ማለት ነው። አዲስ ብዬ የገዛሁት ጎማ ድፍን 8 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ ጎማ ስትገዙ ይህን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡት። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው የላቲን ጽሑፍ በኋላ ባለው መስመር መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመት ናቸው። ወደ እኛ ለማምጣት 7 ወይም 8 ቀንሱ። አራቱ አሃዝ በአንዱ ጎን ብቻ የሚታተምበት ጎማ ስላለ ካላገኛችሁት አዙራችሁ ፈልጉ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። ብዙ የጎማ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲጣል ይመክራሉ።

ጥርሱንም አትርሱ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከፍ ያሉ ትናንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። በአውሮፓ ሕግ የመጨረሻው ገደብ ይሄ ነው። ለእኛ ክረምት ግን እዚያ ድረስ መጠበቅ የለብንም፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ጎማው ውኃ የመጣል አቅሙ በጣም ይዳከማል። እኔ የልጄን ማስመሪያ መኪናው ውስጥ አስቀምጬ በየወሩ እለካለሁ።

ንፋሱም ተበላሽቶ ነበር። ጎሚስታው ያልተጎዱትን ሲለኩ 44 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አገኙ። የሹፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 33 ይላል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሃሉ ይነፋና መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል። ልክ ሲሆን እንኳ አንድ ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ በሚያህል ስፋት ነው። አራት መዳፍ ናት መኪናዋን፣ እናቴንና እኔን የያዘችን።

ያን ሰሞን ወንድሜ ከስቶክሆልም ደወለ። መሐንዲስ ነው። «ቪኤስሲ እያለው እንዴት ተንሸራተተ?» ስለው ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ፣ እዚህ ኢኤስሲ የሌለው አዲስ መኪና አይሸጥም። በአውሮፓ ኅብረት ለአዲስ መኪኖች ሁሉ በእነሱ 2014 ግዴታ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ በፈረንጅ ከዲሴምበር እስከ ማርች መንገዱ በረዶ ሲይዝ የክረምት ጎማ ያላደረገ ይቀጣል። ኤሌክትሮኒክሱ ቢበቃ ኖሮ ስለ ጎማ ሕግ ማውጣት ለምን አስፈለጋቸው?» መንጃ ፈቃድ ለማውጣትም ሆን ተብሎ በተዘጋጀ አንሸራታች ሜዳ ላይ መሠልጠን ግዴታ እንደሆነ ነገረኝ።

ከዚያ አሠራሩን አስረዳኝ። መኪናው መሪው ወዴት እንደዞረ ይለካል፤ አካሉ በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነም ይለካል፤ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ያነባል። ይህን ሁሉ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ያነጻጽራል። ካልተጣጣመ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። እኛ አደባባይ የምንዞረው ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ የፊቱ ሲለቅና መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኋላ ግራውን፣ የኋላው ሲወጣና መኪናው ሊሽከረከር ሲል ደግሞ የፊት ቀኙን ይይዛል። ትርር የሚለው ድምፅ ይሄ ነው። ሰው አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን መያዝ ስለማይችል በእውነት ድንቅ ነገር ነው፤ ብዙ ነፍስ ያተረፈ መሣሪያ ነው። ግን የሚሠራው በፍሬን፣ ፍሬኑም የሚሠራው በጎማው ነው። ጎማው መሬቱን ካልጨበጠ የሚከፋፍለው ነገር የለውም።

በቁጥርም አሳየኝ። ከመሃሉ እስከ መንገዳችን 20 ሜትር የሆነ አደባባይ እንውሰድ። ደረቅ አስፋልት በጥሩ ጎማ ሲሆን መኪናው የሚለቅበት ፍጥነት በግምት 42 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እርጥብ መንገድና የደከመ ጎማ ሲሆን ወደ 32 ይወርዳል። ናፍጣ ወይም ቀጭን ጭቃ ሲሆን 22 ገደማ። እኔ በ40 ነበር የገባሁት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመዞር የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ40 ወደ 20 ዝቅ ማለት ትንሽ ይመስላል እንጂ ሁሉን ነገር ይለውጣል።

በዚያ ቅጽበት የሠራሁትንም ጠየቀኝ። ስህተቴ የበለጠ መጠምዘዜና ፍሬን መርገጤ በአንድ ላይ መሆናቸው ነበር። ጎማው ያለውን አቅም ለመዞርና ለመቆም ይከፋፈላል፤ ሁለቱንም በሙሉ ስጠይቀው አንዱንም አልሰጠኝም። የፊቱ ሲለቅ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን አለመጨመር፣ እንዲያውም ትንሽ መመለስ፣ ዓይንን ምሰሶው ላይ ሳይሆን መሄድ የምንፈልግበት መንገድ ላይ ማድረግ። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ጎማው ተመልሶ ይጨብጣል። የኋላው ሲወጣ ደግሞ መሪውን መሄድ ወደምንፈልግበት አቅጣጫ ይዞ፣ ቪኤስሲውን እንዲሠራ መተው። ይህን ሰፊ ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ከዝናብ በኋላ፣ በዝግታ ሞክሬዋለሁ። ማንበብና እጅ መልመድ የተለያዩ ናቸው።

ገንዘቤ የበቃው መጀመሪያ ለሁለት አዲስ ጎማ ነበር። አዲሶቹን ከሁለት አሮጌዎች ጋር ላስገጥም ስል የሚገጥመው ልጅ «የሚጎትተው የፊቱ ስለሆነ ፊት ይግቡ» አለኝ። ወንድሜ ግን የተሻለው ወደ ኋላ እንዲሆን አጥብቆ ነገረኝ። የፊቱ ሲለቅ መሪው ይቀልና ሹፌሩ ያውቃል፤ የኋላው ሲለቅ መኪናው ምንም ሳያሳውቅ ይሽከረከራል። ወደ ኋላ አስደረግኳቸው። ሌሎቹን ሁለቱን በወሩ እስክገዛ ድረስ መኪናውን የነዳሁት ለግድ ጉዳይ ብቻ ነው። አራቱንም በአንድ ልክ ማድረግ ግድ ነው፤ የተለያየ ልክ ያለው ጎማ የፍጥነት ንባቡን ስለሚያዛባ ቪኤስሲውንም ያሳስታል።

ሌላው የተማርኩት ከጥገናው በኋላ ነው። ከአደጋው ወዲህ የቪኤስሲና የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። አንድ ኤሌክትሪሺያን «ምንም አይደል፣ መብራቱን ላጥፋልሽ» አለኝ። መኪናው እንደሆነ ይሄዳል፣ ፍሬንም ይይዛል። ሌላ ጋ ወሰድኩት፤ የፊት ቀኝ ጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ቀላል ሥራ ነው። መብራቱን አጥፍቼ ብሄድ ኖሮ መቆጣጠሪያው ሳይሠራ እየሠራልኝ መስሎኝ እኖር ነበር። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ክፈቱና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የኤቢኤስና የቪኤስሲ መብራቶች በርተው ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ከነጭራሹ ካልበሩ አንድ ሰው ነቅሏቸው ሊሆን ይችላል። ስትነዱ ብልጭ የምትለው ሥራ ላይ ናት፤ ሳትጠፋ በርታ የምትቀር ግን ወይ ተበላሽታለች ወይ ተዘግታለች። ጭቃ ውስጥ ተይዛችሁ በማጥፊያው ከዘጋችሁት እንደወጣችሁ መልሱት፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱትም ይመለሳል።

በቀጣዩ ክረምት ዊንጌት አደባባይ ስደርስ ካፊያ ነበር። ገና ሳልገባ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ እያለ ፍሬን ይዤ ወደ 20 ወረድኩ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን አንጫረረው። ከፊቴ ያለው መንገድ ላይ የጭቃ ዱካ አየሁ፤ ከእሱ ትንሽ ወጣ ብዬ፣ ፍሬንም ቤንዚንም ሳልነካ፣ መሪውን እንደያዝኩ ዞርኩ። ምልክቷ አልበራችም። ያን ክረምት ሙሉ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥግ ይዤ ቆሜ ምን እንዳጠፋሁ አስቤያለሁ።

የሚያስቸግረው ከኋላ ያለው ሰው ነው። ጥሩንባ ሲነፋ እግር ሳያስቡት ቤንዚን ይጨምራል። እኔ ከሩቅ ቀስ እያልኩ መምጣት ጀምሬያለሁ፤ ያኔ ከኋላ ያለውም አብሮኝ ይቀንሳል፣ አደባባዩ አፍ ላይ ስንደርስ አይደነግጥም። ከፊት ካለውም ሰፋ ያለ ርቀት እተዋለሁ፤ አስፋልቱን የማየው በዚያ ክፍተት ነው።

እማዬ አሁን ከኋላ ስትቀመጥ ቀበቶዋን ራሷ ታስራለች፤ ቀጭ ሲል ካልሰማሁ ሞተር አላስነሳም። አደባባይ ስንቃረብ ወሬዋን ታቋርጥና «መንገዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። አይቼ እነግራታለሁ። ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች።